የክረምት የጽሕፈት ቤት ሥራና የኮሌጅ መምህራን ክፍያ
በወልቂጤና በቡታጅራ መነሻነት የቀረበ ሂስ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን አቈጣጠር ሐምሌና ነሐሴ ከነጳጉሜን የዕረፍት ወቅት ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ክረምት ሲገባ የሚዘጋው የመማሪያ ክፍሉ እንጂ የኮሌጁ ጽሕፈት ቤት አይደለም። መደበኛ ተማሪዎች ተሰናብተው በሄዱ ማግሥት የክረምት ሠልጣኝ መምህራን ይገባሉ። የተመራቂዎች ውጤት ይጠናቀራል፤ የአዲስ ገቢዎች ስም ዝርዝር ይዘጋጃል፤ የክፍልና የመኝታ ድልድል ይወጣል፤ የመጪው ዓመት የትምህርት መርሐ ግብር ይነደፋል። ይህን ሥራ ከሚያከናውኑት መካከል ብዙዎቹ በሙያቸው መምህራን ናቸው። የትምህርት ክፍል ኀላፊው፣ ዲኑ፣ የፈተና አስተባባሪው፣ ለሬጅስትራር በውክልና የተመደበው ሁሉ ከማስተማሪያ ሰሌዳው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር የመጡ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ በየክረምቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መምህሩ በክረምት ለሚሠራው አስተዳደራዊ ሥራ ልዩ ክፍያ ይገባዋልን? ወይስ ሥራው ዓመቱን ሙሉ በሚከፈለው ደመወዝ ውስጥ የተጠቃለለ ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሚሰጠው መልስ ወጥ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ሥራ በኮሚቴ ስም አበል ሲያገኝ ሌላው በምስጋና ደብዳቤ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዝምታ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መርምሮ ጉድለቱን ማሳየትና መታረም የሚችልበትን መንገድ ማመልከት ነው። ሂሱ የሚያተኩረው በአሠራሩ ላይ እንጂ በአንድ ተቋም ወይም በአንድ ግለሰብ ላይ አይደለም።

ለምሳሌነት የተመረጡት ወልቂጤና ቡታጅራ ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጉብሬ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን በጀቱ ከፌዴራሉ መንግሥት ነው። ቡታጅራ በዓለምገና በኩል ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚያ ያለው የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚተዳደረው በክልሉ በጀት ነው። ሁለቱ ከተሞች ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር ቆይተው፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ በኋላ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። እንግዲህ በአንድ ሕዝብ መካከል፣ በአንድ ክረምት፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ መምህራን በሁለት የበጀት ምንጭ ይተዳደራሉ። ስለዚህም የጥያቄው ጠባይ በእነዚህ ከተሞች ጎልቶ ይታያል።

፩. ክረምቱ ከዘመቻ ወደ መደበኛ ሥራ

የክረምት ሥራ ያለ ክፍያ መሠራት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ታሪካዊ መሠረት አለው። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ በያኔዎቹ የጨቦና ጉራጌ፣ የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃዎችም መምህሩና ተማሪው ክረምቱን ለማስተማር ተሰልፏል። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ከጊዜ በኋላ ስልጢኛን ጨምሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ ዘመን የተወረሰው እምነት፣ ክረምት የመምህሩ የግል ጊዜ ሳይሆን የሕዝብ ጊዜ ነው የሚል ነው።

ሆኖም ዘመቻና መደበኛ ሥራ አንድ አይደሉም። ዘመቻ መነሻና መድረሻ አለው፤ ሁሉም በአንድነት ይዘምታል፤ ድካሙም በአደባባይ ይታወቃል። የሬጅስትራር ሥራ ግን በየዓመቱ ይመለሳል፤ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚታወቀውም ሲጓደል ብቻ ነው። የዘመቻውን ሥነ ምግባር ወስዶ በዓመታዊው ሥራ ላይ መጫን ጥቂቶች የሁሉንም ሸክም እንዲሸከሙ ማድረግ ይሆናል።

ከዚህም በላይ የሥራው መጠን ተለውጧል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ከምስክር ወረቀት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ እንዲያድጉ በመጠየቁ የክረምት ሥልጠና የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ተግባር ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተቋማት ሲዘጉ የትምህርት ዘመኑ ተዛንፎ፣ መደበኛ ትምህርት ራሱ ወደ ክረምት የገባበት ጊዜ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌም የሚቀጥለው ዙር ፈተና በክረምት ዝናብ መካከል ተካሄደ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የመውጫ ፈተናና የማካካሻ ትምህርት ተጨመሩ። የማካካሻ ትምህርት ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በብሔራዊ ፈተናው ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ አዲስ መርሐ ግብር ምዝገባ፣ ድልድል፣ ቁጥጥርና የውጤት ማጠናቀር ይጠይቃል። የሥራው ብዛት ሲያድግ የአከፋፈል ሥርዐቱ በነበረበት ቆሟል ማለት ይቻላል።

፪. ሁለት ክርክሮችና ግማሽ እውነታቸው

በጉዳዩ ላይ የሚሰሙት ክርክሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ መምህሩ የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝተኛ ስለሆነ ለክረምት ሥራ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መከፈል ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ክረምት የመምህሩ ዕረፍት ስለሆነ በዚያ ወቅት የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ሊከፈልበት ይገባል ይላል። ሁለቱም ክርክሮች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በበጀት ሰነድ ላይ ሲሰፍር ሙሉ ስሕተት ይሆናል።

ጉዳዩን በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን በአንድነት 65 ቀናት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀነሱ 46 ያህል የሥራ ቀናት ይቀራሉ። በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀናት ጀምሮ እንደ አገልግሎት ዘመን እስከ 30 የሥራ ቀናት ሆኖ ተደንግጎ ቆይቷል። ይህን መለኪያ ለመምህሩ ብንወስድ፣ መምህሩ በሴሚስተር መካከል ክፍሉን ጥሎ ፈቃድ መውጣት ስለማይችል ዕረፍቱን የሚወስደው በክረምት ነው። ስለዚህ ከ46ቱ የሥራ ቀናት ውስጥ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት የመምህሩ ናቸው፤ ከ16 እስከ 26 የሚሆኑት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ናቸው።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ክረምቱ በሙሉ የመምህሩ ነው የሚለው ክርክር አይጸናም፤ ጥቂት ሳምንታት የሠራ ሰው ለእነዚያ ቀናት ደመወዙን አስቀድሞ ተቀብሏል። ሁለተኛ፣ ክረምቱ በሙሉ የኮሌጁ ነው የሚለውም አይጸናም። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ከጽሕፈት ቤት ያልወጣ የትምህርት ክፍል ኀላፊ አለ እንበል። የሠራው 43 ቀናት ያህል ነው። የ20 ቀን ፈቃድ ባለመብት ከሆነ 17 ቀን፣ የ30 ቀን ባለመብት ከሆነ 27 ቀን ከዕረፍቱ ሰጥቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብዙ ዓመት ያገለገለው ከአዲሱ ይልቅ የበለጠ የሚያጣ መሆኑ ነው። ልምድ ያለው መምህር ከኀላፊነት ቦታ የሚሸሸው ሥራውን ጠልቶ ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡም ይህን ያሳያል።

፫. የክፍያው ልማድ ጉድለቶች

ክፍያው በሚፈጸምበት ስፍራ እንኳ አፈጻጸሙ በርካታ ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛው ጉድለት ሹመት ያለውንና ሹመት የሌለውን አለመለየት ነው። ዲኑ ወይም የትምህርት ክፍል ኀላፊው የኀላፊነት አበል የሚያገኝ፣ የማስተማር ሸክሙም የሚቀነስለት ከሆነ፣ አበሉ በክረምት ወራት እስካልተቋረጠ ድረስ የክረምቱ መደበኛ ሥራ በዚያ ውስጥ ይጠቃለላል፤ ለርሱ የሚቀረው ጥያቄ የዕረፍቱ ጉዳይ ነው። በአንጻሩ ዲኑን ተክቶ የሚሠራው ተወካይ፣ ወይም ያለ ምንም ሹመት ለምዝገባ የተጠራው ወጣት መምህር፣ አበልም የሸክም ቅነሳም የለውም። የተለመደው አሠራር ግን ለመጀመሪያው በኮሚቴ ሰብሳቢነት ስም ደግሞ ሲከፍል ለሁለተኛው በቃል ትእዛዝ ብቻ ያሠራል።

ሁለተኛው ጉድለት ለስብሰባ እንጂ ለሥራ ፍሬ አለመከፈሉ ነው። ለጽሕፈት ቤት ሥራ የተለየ የክፍያ መደብ ስለሌለ ገንዘቡ የሚወጣው ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ የተቀመጡበት ቀን ተቈጥሮ ነው። በዚህ ምክንያት በሦስት ቀን ያለቀ ሥራ ከሦስት ሳምንት ሥራ ያነሰ ያስገኛል። ሥራን የሚያስረዝም ክፍያ ትጋትን ይቀጣል፤ ኮሚቴውንም ከጉዳዩ በላይ ያበዛዋል። ክፍያን ፈጽሞ የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራው ማስረጃቸው ይህ ነው፤ ማስረጃው ግን የሚመሰክረው በአከፋፈሉ ላይ እንጂ በክፍያው ላይ አይደለም።

ሦስተኛው ጉድለት የበጀት ዓመቱ አቈጣጠር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የክረምቱ ሥራ የሚታቀደው በአሮጌው በጀት፣ የሚሠራው በሁለቱ በጀቶች መገናኛ፣ የሚከፈለው ደግሞ በአዲሱ ነው። ሥራው በበልግ ወራት በሚዘጋጀው ዕቅድ ውስጥ ካልተካተተ፣ ሐምሌ ሲገባ አሮጌው ሂሳብ ተዘግቷል፤ አዲሱ ደግሞ ርእስ የለውም። መምህሩም ክፍያው ይመጣል እየተባለ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። የብር የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የኑሮ ዋጋ ካሻቀበ በኋላ ደግሞ ወራት የዘገየ ክፍያ በቁጥር ያው ቢሆንም በመግዛት አቅሙ ያነሰ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 ዓ.ም. በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ሲታወስ፣ ይህን የመሰለ መጓተት እንደ ጥቃቅን ነገር ሊታለፍ አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ትምህርታዊ ነው። የክረምት አስተዳደራዊ ሥራ በተወሰነ መንገድም ቢሆን ሲከፈልበት፣ የክረምት ትምህርታዊ ሥራ ግን ከነጭራሹ አይቈጠርም። የኮርስ ዝርዝሩን የሚያሻሽል፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ የወረዳ ትምህርት ቤቶችን ችግር የሚያጠና መምህር ክረምቱን የሚያሳልፈው በራሱ ወጪ ነው። አዲሱ የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዐተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሥራ ሲገባ የመምህራን ማሠልጠኛዎች የራሳቸውን ኮርስ ከርሱ ጋር ማጣጣም ነበረባቸው፤ ለዚህ የሚመች ጊዜ ክረምት ነው። ነገር ግን ተከፋዩ ሥራ ስም ዝርዝር መጻፍ፣ የማይከፈለው ሥራ ደግሞ የትምህርቱን ይዘት ማዘጋጀት ከሆነ፣ መምህሩ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያዳግትም። ክፍያ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ኮሌጁ በዚህ ቋንቋ ለመምህሩ የሚነግረው ከመጽሐፉ ይልቅ መዝገቡ እንደሚበልጥ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ከዚህ ሥራ ውስጥ በእርግጥ መምህር የሚጠይቀው የትኛው ነው? የውጤት ማጽደቅ፣ የኮርስ ምደባ፣ የትምህርት አቻነት ውሳኔ የመምህር ዕውቀት ይሻሉ። የስም መዝገብ ማዘጋጀት፣ የመኝታ ቁልፍ ማደል፣ የመታወቂያ ወረቀት መስጠት ግን የሠለጠነ የአስተዳደር ሠራተኛ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ በመምህሩ ላይ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ የአስተዳደሩ ክፍል በሠራተኛ ስላልተሟላ ነው። ለመምህሩ አበል ከፍሎ የጸሐፊ ሥራ ማሠራት ሁለቱንም ሙያዎች ያጐድላል።

፬. አንድ ሥራ፣ ሁለት በጀት

በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ያለው ልዩነት ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የዩኒቨርሲቲው መምህር ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ በሆነ ተቋም በፌዴራል ደንብ ይተዳደራል። የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ አሠልጣኝ የክልል ሠራተኛ ነው፤ ዘርፉም በፌዴራል ደረጃ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። አንዱ ለክረምት ሥራው የሚጠይቀው ሴኔቱንና የሥራ አመራር ቦርዱን ሲሆን ሌላው የክልሉን የፋይናንስ መመሪያ ይጠብቃል። የፌዴራሉ በጀት በመጠን ሊበልጥ ይችላል፤ መርሑ ግን ሊለያይ አይገባም። ከፈቃድ ቀን የተወሰደ ቀን በጉብሬም ሆነ በቡታጅራ ያው ቀን ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢው ልማድ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ የሚባሉት ባህላዊ ሕግጋት የእያንዳንዱን ግዴታና የተጓደለውን ግዴታ ካሣ በሸንጎ የሚወስኑ ናቸው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለመሥራት ሲደራጁም ያለ ደመወዝ ብዙ ተለፍቷል። ሕዝቡ ለጋራ ጉዳይ በነጻ መሥራትን አልጠላም። ይሁን እንጂ መዋጮ መዋጮ የሚሆነው መጠኑና ዓላማው አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ሲካፈለው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የኮሌጁ የክረምት ሥራ እንደ ደመወዝ አልተከፈለም፤ እንደ መዋጮም በእኩል አልተደለደለም።

የወቅቱም ጠባይ መዘንጋት የለበትም። ክረምቱ ሲያልቅ መስቀል ይመጣል፤ በጉራጌ ምድር መስቀል በየከተማው የተበተነው ሁሉ ወደ ትውልድ ቤቱ የሚመለስበት በዓል ነው። የኮሌጁ የምዝገባ ዝግጅት የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው። ሐምሌና ነሐሴን በጽሕፈት ቤት ያሳለፈ ሰው መስከረምንም በዚያው ሲጀምር፣ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የዕረፍቱ ማጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ገንዘብ መለወጥ ራሱ ስሕተት ነው።

፭. ከሌሎች ሀገሮች ምን ይወሰዳል?

በአሜሪካ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚቀጠሩት በዘጠኝ ወር ውል ነው። በበጋቸው ወራት የሚሠሩት የምርምርም ሆነ የአስተዳደር ሥራ ከውሉ ውጭ በመሆኑ ለብቻው ይከፈላል፤ የትምህርት ክፍል ኀላፊ የሆነ ሰው ወይ ውሉ ወደ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ወር ይራዘምለታል፣ ወይም የበጋ አበል ይቈረጥለታል። የሀገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከምርምር ድጎማው ለአንድ ተመራማሪ የሚፈቅደው ደመወዝ በአመዛኙ በዓመት ከሁለት ወር እንዳይበልጥ መወሰኑም ከዚሁ የውል አቈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይገባም። የዘጠኝ ወር ውል ለኢትዮጵያዊ መምህር የሦስት ወር ሥራ ፈትነት ማለት ይሆናል። ሊወሰድ የሚገባው መርሑ ነው፤ ይኸውም የትኛው ወር በየትኛው ስምምነት እንደሚሠራ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቁ ነው። የኢትዮጵያው አሠራር ዋናው ድክመት ገንዘብ ማነሱ ሳይሆን ስምምነቱ ያልተጻፈ መሆኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሂስ የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

ሀ) እያንዳንዱ ኮሌጅ የትምህርት ዘመኑን ሲያወጣ የክረምቱን የሥራ ቀናትና የመምህሩን የዕረፍት ቀናት በቁጥር ለይቶ ቢያስታውቅ፤

ለ) በክረምት የሚጠራ መምህር ሁሉ የሥራው ዓይነት፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሚጠበቀውም ውጤት የተገለጸበት ደብዳቤ አስቀድሞ ቢደርሰው፤

ሐ) የኀላፊነት አበል የሚያገኘውና የማያገኘው ተለይተው፣ አንድ ሥራ በሁለት ስም እንዳይከፈልበት፣ ሌላውም ያለ ስም እንዳይቀር ቢደረግ፤

መ) ከዕረፍቱ ለተወሰደበት ቀን መምህሩ በምርጫው ወይ የማካካሻ ዕረፍት ወይ ክፍያ ቢያገኝ፤

ሠ) ክፍያው በበልግ በሚዘጋጀው ዕቅድ ርእስ ተሰጥቶት ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ቢጸድቅ፤

ረ) የኮርስ ማሻሻያና የማስተማሪያ ጽሑፍ ዝግጅት ከአስተዳደራዊው ሥራ ባላነሰ ሚዛን ቢቈጠር፤

ሰ) የመምህር ዕውቀት የማይጠይቀው ሥራ ደረጃ በደረጃ ወደ አስተዳደር ሠራተኞች ቢዛወር።

በጀት የለም የሚለው መልስ በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል ቀዳሚ ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ከተዘረዘሩት ነጥቦች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ቀኑን ለይቶ ማስታወቅ፣ በደብዳቤ መመደብና ድርብ ክፍያን ማስቀረት አዲስ ገንዘብ አይሹም፤ የማካካሻ ዕረፍትም በጥሬ ገንዘብ አይወጣም። በተለይ መደበኛው የማስተማር ሸክም በሚቀልልበት ሴሚስተር ዕረፍቱን መስጠት ይቻላል፤ የሚጠይቀው የኮርስ ድልድሉን ቀደም ብሎ ማሰብን ነው።

ጉዳዩ የመምህሩና የሂሳብ ሹሙ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ በመጨረሻ አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ከጉመር፣ ከቸሃ፣ ከመስቃን ወይም ከማረቆ ወረዳ በዝናብና በጭቃ ተጉዞ ለክረምት ሥልጠና የሚመጣው የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነው። የምዝገባው መስኮት በቂም የያዘ ወይም የደከመ ሰው የተቀመጠበት ከሆነ፣ ያ ሠልጣኝ ቀናትን፣ በውጤት መዘግየትም የደረጃ ዕድገቱን ያጣል፤ መስከረም ሲጠባ የሚመለሰውም ወደ ሕፃናቱ ነው። ኮሌጁ ለራሱ መምህር ያልጻፈው ስምምነት ዋጋው የሚከፈለው በዚያ ትምህርት ቤት ነው።